የስቴተር ኮር መፈተሻ፦ የኬብል ዙር፣ ዝግጁ መሣሪያ ወይስ ኤል ሲድ?

በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ሁለቴም የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር እጄ ገብቶ ነበር። ሁለቴም በሜገር ተለክቶ አልፏል። ሜገር የሚለካው በሽቦውና በብረቱ መካከል ያለውን መከላከያ ነው። ሽቦው የሚጠቀለልበት የማይሽከረከረው የሞተር ክፍል ስቴተር ይባላል፤ ብረቱ፣ ማለትም ኮሩ፣ የተደራረቡ ስስ ቆርቆሮዎች (ላሜራዎች) ናቸው። ላሜራዎቹ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አላቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ሲላጥ እርስ በርስ ይገናኙና በውስጣቸው ጅረት ይሽከረከራል። ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ይግላል፣ አዲሱን ሽቦም ያቃጥላል። ይህን ሜገር አያየውም።

ኮሩን ለመፈተሽ ሦስት መንገድ አለ፦ የኬብል ዙር፣ ዝግጁ መሣሪያና ኤል ሲድ። ለአነስተኛ ጥቅለላ ቤት የኬብል ዙርን አስቀድማለሁ። የሚሽከረከረው ክፍል፣ ሮተሩ፣ ይወጣል፤ ኬብል በስቴተሩ ሆድ እየገባ በውጭ እየተመለሰ ይጠመጠማል። በ50 ኸርዝ፣ ለአንድ ዙር የሚያስፈልገው ቮልት 222 ሲባዛ በቴስላ (የመግነጢስ ጥንካሬ መለኪያ)፣ ሲባዛ ከጥርሶቹ (ሽቦው በመካከላቸው ከሚቀመጥባቸው የብረት ጉጦች) ጀርባ ባለው ብረት ስፋት በካሬ ሜትር ነው። የኮሩ ርዝመት 25፣ ከጥርሱ ጀርባ ያለው ጥልቀት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለሽፋኑ 5 በመቶ ተቀንሶ፣ በ1.3 ቴስላ ለአንድ ዙር 3.4 ቮልት ይደርሳል፤ ለ220 ቮልት 64 ዙር መሆኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቶ በሙቀት ካሜራ ማየት ነው። በዙሪያው ካለው ብረት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የበለጠ የጋለ ቦታ ካለ ኮሩ ታሟል። የዚያ ፓምፕ ሕመም የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ከአንድ ጥርስ ግርጌ። ላሜራዎቹን ለያይተን በመካከላቸው ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ማዕድን) አስገባንና እንደገና ፈተሽነው።

ችግሩ ጊዜ መፍጀቱ ነው። በቀን ብዙ ሞተር ለሚቀበል ቤት ዝግጁ የኮር መፈተሻ መሣሪያ ይሻላል፤ በአንድ ወፍራም ኬብል ከፍተኛ ጅረት ይልክና በብረቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነውን ኃይል በዋት ለኪሎ ግራም ያወጣል። ዋናው ጥቅሙ አሮጌው ሽቦ በምድጃ ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ ማወዳደር ነው። ብክነቱ ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ ምድጃው ሽፋኑን ጎድቶታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ370 ዲግሪ በላይ ስለተለቀቀ ነው። ይሁንና ዋት አማካይ ነው፤ በትልቅ ኮር ውስጥ ያለች አንዲት ትኩስ ነጥብ ቁጥሩን ላታንቀሳቅሰው ትችላለች። ካሜራውን ከዚህኛውም ጋር ግዙ።

ሦስተኛው መሣሪያ ኤል ሲድ በእንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ለኃይል ማመንጫ ጄኔሬተሮች ነው። ማሽኑ በሥራ ላይ ከሚኖረው መግነጢስ 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚፈልግ ከተራ ሶኬት ይሠራል፤ በጥርሶቹ ላይ የሚንሸራተት መጠምጠሚያ የብልሽቱን ጅረት ያነብባል፤ 100 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ ቦታው ይመረመራል። ለግዙፍ ማሽን የኬብል ዙር ብዙ መቶ ኪሎ ቮልት አምፔር ስለሚጠይቅ እዚያ ተመራጭ ነው። ለፓምፕና ለወፍጮ ሞተር ግን ገንዘባችሁን አታውሉበት።

ዝግጁውን የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ 1.3 ቴስላ ድረስ ሊያደርሰው የሚችለው ትልቁ ኮር ዲያሜትሩና ርዝመቱ ስንት ነው? ከዚያም ቤታችሁ ከሚመጡት ሞተሮች ትልቁን ለክታችሁ አስተያዩት።