«ለኤሌክትሪክ አይሆንም» የተባልኩት አምፕ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ፊሽማን ላውድቦክስ ሚኒ የሚባለውን ይህን ትንሽ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ልገዛ ስል ሻጩ ፊቱን አጨማደደ። «ኤሌክትሪክ ጊታርም አለህ አይደል? እንግዲያው ይሄ አይሆንህም፣ ለቦክስ ጊታር ብቻ ነው» አለኝ። አጠገቡ የቆመውን ባለ 12 ኢንች ስፒከር የኤሌክትሪክ አምፕ መታ መታ እያደረገ «ይሄ ግን ሁለቱንም ይችላል» አለ።

ደግነቱ ቦክስ ጊታሬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ትልቁ ላይ ሰክቼ አንድ ኮርድ መታሁ። ድምፁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚወጣ ይመስላል። ትንሹ ላይ ሰካሁት። ጣቴ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ሳይቀር ይሰማል። ያን ቀን ፊሽማን ላውድቦክስ ሚኒን ይዤ ወጣሁ።

ስለ ቦክስ ጊታሩ ብዙ አልልም። የተሠራው ለሱ ነው፣ ሥራውን ይሠራል። 60 ዋት ነው። ክብደቱ 9 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በአንድ እጄ አንጠልጥዬው ታክሲ እሳፈራለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ማይክ ይሰካል፤ ለትንሽ ካፌ ዘፋኝና ጊታር ያለ ሞንታርቦ ይወጣሉ።

ይህን ያስጻፈኝ ኤሌክትሪኩ ነው።

ለአምስት ወር ያህል የሻጩን ቃል አምኜ ኤሌክትሪኩን አልሰካሁበትም ነበር። ለሱ ቤት የነበረኝን አሮጌ አምፕ እጠቀም ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ አሮጌው አምፕ አልነሳ አለ። በማግስቱ ደግሞ የምንጫወትበት ልደት አለ። ምን ላድርግ? ኤሌክትሪኩን ትንሹ ላይ ሰካሁት። ያለ ምንም ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ድምፅ መለወጫ)፣ ሪቨርቡን (ማስተጋቢያውን) ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጌ ትዝታ ጀመርኩ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ቆሞ ይሰማል። ክሩን ሳብ አድርጌ ስለቀው፣ ድምፁ እስኪከስም ድረስ አብሬው መሄድ እችላለሁ። በሮሃ ባንድ ካሴት፣ በሰላም ስዩም ጊታር ላደገ ጆሮ እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልተነሳሁም።

ከዚያ ድምፁን የሚያሻክረውን የዲስቶርሽን ፔዳል ረገጥኩ። ደስታዬ እዚያው ቀጥ አለ። ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ! «በቃ፣ ሰውዬው ልክ ነበር» ብዬ ፔዳሉን አጠፋሁት። ልደቱንም በንጹሑ ድምፅ ብቻ ተወጣሁት።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርትዝ ገደማ በላይ ያለውን ላይኛውን (ቀጭኑን) ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ዲስቶርሽን የሚፈጥረውን ሻካራ ነገር የሚውጠው እሱ ነው። ያ ጠባዩ ለኤሌክትሪክ በረከት ነው። ቦክስ ጊታር ግን የክሩ ጥራት ያለው እዚያው ላይኛው ድምፅ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይዋጣል። ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ብርድ ልብስ ይሄ ነበር። የኔው አምፕ ደግሞ ከ6.5 ኢንች ስፒከሩ ሌላ ባለ 1 ኢንች ትዊተር (ላይኛውን ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አለው። የሰጡትን ሁሉ ያወጣል፣ ንቡንም ጭምር።

ስለዚህ ከዲስቶርሽኑ ቀጥሎ፣ ከአምፑ በፊት ካብ ሲሙሌተር የሚባለውን ፔዳል አስገባሁ። ሥራው የጊታር ስፒከርን ድምፅ ማስመሰል ነው፤ ላይኛውን ይቆርጠዋል። ንቡ ጠፋ። ወፍራም፣ የሚጎረብጥ ሳይሆን የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ሁለተኛ አምፕ ልገዛበት ካሰብኩት ገንዘብ ብዙው ኪሴ ቀረ።

አሁን ያንን ሻጭ ባገኘው እንዲህ እለዋለሁ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ገልብጠህ ነው የነገርከኝ። ጥርት ያለ አምፕ ላይ ላይኛውን ድምፅ በፔዳል መቀነስ እችላለሁ። ያንተ ባለ 12 ኢንች ግን ትዊተር የለውም፤ የሌለውን ከየት አመጣለታለሁ? «ቦስ ካታና የሚባለው የኤሌክትሪክ አምፕ የአኩስቲክ (የቦክስ ጊታር) ምርጫ አለው እኮ» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ አለው፤ ኤሌክትሪክ ለሚያበዛና ቦክስ አልፎ አልፎ ለሚነካ ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ስፒከሩ ግን ያው የጊታር ስፒከር ነው። እኔ ከአሥር ዘፈን ሰባቱን የምጫወተው በቦክስ ነው፤ ሰባቱን ለሦስቱ ብዬ አላፍንም።

ድራም ካለ 60 ዋቱ ይዋጣል፣ ይሄ እውነት ነው። ያኔ ከጀርባው ባለው መውጫ በኬብል ወደ ሚክሰር እልከዋለሁ፣ አምፑ ለራሴ መስሚያ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ በገዛሁበት ዋጋ ልውሰደው አለኝ። አልሸጥም አልኩት። ቁልፎቹ ዙሪያ ትንንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ፣ የቦክሱን ቦታ በቀይ፣ የኤሌክትሪኩን በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ። በሁለት ዘፈን መሀል ድምፁን ዜሮ አደርጋለሁ፣ ጃኩን ነቅዬ ሌላውን እሰካለሁ፣ ቁልፎቹን ከቀይ ወደ ሰማያዊ አዞራለሁ። ዘፋኟ ውኃዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ዝግጁ ነኝ።