ከክርክሩ በፊት የገዛኋት መጽሐፍ፦ የሕገ መንግሥቱ ትንሽ ቅጂ

እሁድ ቡና ላይ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። አንዱ "አዲስ ሕገ መንግሥት ይጽደቅ" ይላል። ሌላው "ያለው ይሻሻል" ይላል። "እሱን ከነካችሁ አገር ይበተናል" የሚልም አይጠፋም። ወራት እንዲህ ተጨቃጭቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ከመሃላችን ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው የለም። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ቅጂውን ገዛሁ። ዋጋው ከሁለት ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም።

አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፤ የነጋሪት ጋዜጣው ጽሑፍ። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ይሄ በጣም ተመችቶኛል። አማርኛው ሲከብደኝ ዓይኔን ወደ ቀኝ ወርወር አደርጋለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ግን የሚጸናው አማርኛው ነው፤ የመጨረሻው አንቀጽ፣ 106፣ እንዲህ ይላል።

በቀጣዩ እሁድ ይዣት ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ "አንቀጽ 39ን፣ የመገንጠል መብቱን፣ ፓርላማው በአንድ ስብሰባ መሰረዝ ይችላል" አለ። አንቀጽ 105ን ገልጬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። 39 ያለው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። ያንን ምዕራፍ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። በዚያ ላይ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ ይጠበቅባቸዋል። አንድ ክልል እምቢ ካለ አለቀ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው 40ም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ "እሺ፣ ታዲያ በየት በኩል ነው የሚገባው?" ተባባልን። ለመጀመሪያ ጊዜ ተደማመጥን።

አጎቴ ጋሼ የሌላውን ዘመን ያስታውሳል። በ1978 የኢሕዲሪ፣ ማለትም የደርግ ዘመኑ ሕገ መንግሥት፣ ረቂቅ በየቀበሌው ለውይይት ሲቀርብ ተሰብሳቢ ነበር፤ በ1979 ሕዝበ ውሳኔው ላይም ድምፅ ሰጥቷል። "ይሄኛውንስ ማን አጸደቀው?" አለኝ። መልሱ መግቢያው ላይ አለ፦ የተመረጡ ተወካዮች፣ በሕገ መንግሥት ጉባኤ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገበትም። "እኛስ ድምፅ ሰጥተናል" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ፣ "ግን ያኔ እምቢ ብሎ የሚናገር ማን ነበር?" ይህን ሲል ስኒው እጁ ላይ ነበር፤ አልጠጣውም።

ጉድለቷንም ልናገር። ስለ 39 እና 40 በጉባኤው ብርቱ ክርክር ተደርጓል፤ መጽሐፏ ግን የተወሰነውን ብቻ ነው የምትነግረን። ማን ለምን እንደተቃወመ፣ ምን አማራጭ እንደቀረበ አንድ መስመር የለም። የእኔ ቅጂ የቃላት ማውጫም የለውም፤ "መሬት" የሚለውን ለማግኘት ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። አንቀጽ 47 ዛሬም 9 ክልሎችን ይዘረዝራል፤ እኛ 12 ደርሰናል። ይሄ የአሳታሚው ጥፋት አይደለም፣ ጽሑፉ ራሱ ስላልተሻሻለ ነው። ጥራዙ ግን የአሳታሚው ጥፋት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መሃሉ ላይ ያሉት ገጾች ወለቁ። ፊደሉም ደቃቃ ነው፤ ጋሼ ያለ መነጽር አንድ መስመር አልዘለቀም።

አዲስ ሕገ መንግሥት እናጽድቅ የሚሉ ሁሉ ረቂቃቸውን እንዲህ በትንሽ ዋጋ በየእጃችን ያድርሱልን፤ ከነተቃዋሚው ሐሳብ፣ በትልቅ ፊደል፣ በቂ የማንበቢያ ጊዜ ጨምረው። ያለዚያ ድምፅ ስጡ እንዳይሉን።

መጽሐፏን ግን ከነጉድለቷ ግዙ እላለሁ። እኔ ሁለተኛ ቅጂ ገዝቼ ለጋሼ ሰጥቼዋለሁ። ትናንት ስደውልለት አንቀጽ 29 ላይ፣ ሐሳብን በነፃ የመግለጽ መብት ላይ፣ ደርሶ ነበር፤ በእርሳስ እያሰመረ።