«ሃይብሪድ» እየተባለ ስለሚሸጠው የማደሪያ ተሳቢ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህ ጽሁፍ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በአካባቢው «ሃይብሪድ ተሳቢ» እየተባለ የሚሸጠውን፣ በመኪና ተጎትቶ የሚሄድ ባለ አልጋ ማደሪያ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። እኔና የአጎቴ ልጅ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. አንዱን በ950 ሺህ ብር ገዝተን፣ ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ያለ ሥራ አቁመነዋል። የሻጩንም ሆነ የደላላውን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ስለ ዕቃው፣ ስለተነገረን ነገርና ሳናይ ስላለፍነው ጉድለት ብቻ ነው።

የገዛንበት ምክንያት ለአካባቢው ሰው ግልጽ ይመስለኛል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምዕመን በስፍራው ካለው ማረፊያ እጅግ ስለሚበልጥ፣ አቅመ ደካማ እናቱን ወይም አባቱን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ በደጋው ብርድ ሜዳ ላይ ከሚያድር ይልቅ የሚከራይ አልጋ ቢያገኝ ይመርጣል የሚል ስሌት ይዘን ነበር። ስሌቱ ዛሬም ስህተት አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ያሳሳተን ቃሉ ነው። በከተማችን ሃይብሪድ ሲባል ሰው የሚያስበው ቤንዚንና ባትሪ እያፈራረቀ የሚሄደውን መኪና ነው፤ ደላላውም ይህንን ስለሚያውቅ «ሃይብሪድ ነው፣ ሶላር አለው፣ ነዳጅ የሚባል አያውቅም» ሲለን ራሳችንን በአድናቆት ነቀነቅን። ተሳቢ ከጥንቱም ሞተር የሌለው ነገር መሆኑን በዚያች ሰዓት ያሰበ አልነበረም። ተሳቢ ላይ ግን ሃይብሪድ ማለት ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ድንኳን ማለት ነው፤ መካከሉ ጠንካራ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ክፍል ሲሆን፣ በፊትና በኋላ በኩል ደግሞ ወደ ውጭ የሚዘረጉና በሸራ የሚሸፈኑ አልጋዎች አሉት። ሲታጠፍ አጭርና ቀላል ሆኖ ይጎተታል፤ ሲዘረጋ አምስት ስድስት ሰው ያስተኛል። ጥቅሙ በሙሉ የተመሠረተው በሸራው ቅለት ላይ ስለሆነ፣ «አሻሽለነዋል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ሸራው የት እንደደረሰ ነው።

የእኛው የኋላ ሸራ በላሜራ ተተክቶ ነበር። ሻጩ «የድሬ ፀሐይ ሸራ አይምርም፣ ስለዚህ ለዘለቄታው እንዲሆን በየድነው» አለን፤ ፀሐዩ ሸራ እንደሚያነድድ እውነት ስለሆነ አመንነው። ነገር ግን አልጋው የሚታጠፍበት ማጠፊያና ከሥር የሚደግፉት ሁለት ዘንጎች የተሠሩት የአልጋውን ክፈፍ፣ ሸራውንና የሚተኙትን ሰዎች እንዲሸከሙ እንጂ፣ በማዕዘን ብረት የተጠናከረ የላሜራ ሳጥን ቀን ከሌት እንዲሸከሙ አይደለም። ከዚህም በላይ ከጎማዎቹ ኋላ፣ ከወለሉ ሥር፣ 250 ሊትር የሚይዝ የውኃ በርሜል በብረት አልጋ ታስሮ ነበር። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በርሜሉ ሲሞላ ሩብ ቶን ክብደት በተሳቢው ጅራት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል የተማርነው በደንገጎ መንገድ ላይ ነው። ከድሬዳዋ የ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ የሚወጣውን ያንን ጠመዝማዛ የምታውቁ ሁሉ፣ መውጣቱ ሞተርን፣ መውረዱ ደግሞ ፍሬንን እንደሚፈትን ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ ወር ስንወጣ ደንገጎ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የቀኝ ጎማው ላይ ያለው ጥርስ ተገሽልጦ ወጣ። መለዋወጫውን አስረን ቁልቢ ደርሰን፣ ሁለት ሌሊት አከራይተን ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ የተሳቢው ጅራት እንደ እባብ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ፤ ፒክአፑንም ከኋላ እየገፋው የአጎቴ ልጅ በአንደኛ ማርሽ እየያዘ፣ ላብ እያጠመቀው፣ ድሬዳዋ አስገባን። የሚሳፈር ሰው ባለመጫናችን እስከ ዛሬ አምላኬን አመሰግናለሁ።

በማግሥቱ ወደ ጋራዥ ወስደን ስናስፈትሽ «የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው» የተባለው ሐሰት እንዳልነበረ ተረዳን፤ በሁለቱም ቸርኬዎች ውስጥ ፍሬኑ ቁጭ ብሏል። ይህ ዓይነት ፍሬን የሚሠራው ግን በጎታቹ መኪና ጋቢና ውስጥ ከሚገጠም መቆጣጠሪያ በሽቦ ኃይል ሲደርሰው ነው፤ የእኛ መኪና መቆጣጠሪያ የለውም፣ ሽቦውም ከመጀመሪያው ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ኩሽኔታዎቹም በየዓመቱ ተፈትተው በአዲስ ግራሶ መታሸት ሲገባቸው፣ የእኛዎቹ ደርቀው ሰማያዊ ቀለም አውጥተዋል።

ስለ ጎማው ዕድሜ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም ይህ ማታለያ በእኛ አገር ብቻ የሚሠራ ይመስለኛል። ማንኛውም ጎማ በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ይታተምበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። በእኛዎቹ ላይ የተጻፈው 2214 ነበር። ስንገዛ ይህንኑ ጠይቀን ሻጩ «የ2014 ምርት ነው፣ ገና ሦስት ዓመቱ» ብሎ መለሰልን፤ እኛም በ2017 ላይ ቆመን ቀነስንና ተስማማን። ፋብሪካው የሚቆጥረው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ጎማው የተሠራው በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2006 ሲሆን፣ ስንገዛው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የተሳቢ ጎማ ብዙ ስለማይሄድ ጥርሱ አያልቅም፤ በቆመበት በፀሐይ እየደረቀ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላም ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ መለወጥ አለበት። ጎሚስታው በድሬ ወግ «አንተ፣ ይሄ ጎማ እኮ ከልጄ ይበልጣል» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ተሳቢውን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አወጣነው፤ ይህን ከመግዛታችን በፊት ብናደርገው ኖሮ ይህ ጽሁፍ አይጻፍም ነበር። ሻጩ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈችውን ሳህን እያሳየ «እስከ 4,200 ይሸከማል» ብሎናል። ሳህኗ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን በአሜሪካ ፓውንድ እንጂ በኪሎ አልነበረም፤ 4,200 ፓውንድ 1,905 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህም ጭነቱ ብቻ ሳይሆን ተሳቢው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ጣሪያ ነው። የእኛው ከመኪናው ተፈትቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ፣ 2,180 ኪሎ መዘነ፤ ማለትም ብርድ ልብስ ሳይጫንበት 275 ኪሎ አልፏል። ቀጥሎ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ የተሳቢው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ እንዲቆሙ አድርገን ስንመዝነው 2,090 ኪሎ ሆነ። ልዩነቱ፣ 90 ኪሎው፣ ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ይህ ክብደት ከጠቅላላው ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ መሆን ሲገባው፣ የእኛው ከመቶ 4 እጅ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ያ የደንገጎ መወዛወዝ የመጣውም ከዚህ ነው። የላሜራ ሳጥኑና በርሜሉ ጅራቱን ወደ ታች ሲጫኑት አፍንጫው ቀለለ፤ አፍንጫው የቀለለ ተሳቢ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው የለም።

የኤሌክትሪኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ዕቃው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ በ120 ቮልት፣ በተለምዶ 110 በምንለው፣ የሚሠራ ነው። «ወደ 220 ተቀይሯል» የተባለው ሶኬቱ ብቻ ነበር፤ ቤታችን እንደሰካነው ባትሪ የሚሞላው መሣሪያና የጣሪያው ማቀዝቀዣ አብረው ተቃጠሉ። ለሶላሩ የተቀመጡት ሁለት ባትሪዎችም የጭነት መኪና ማስነሻ ባትሪዎች ናቸው፤ ለአንድ አፍታ ብዙ ኃይል ለመስጠት የተሠሩ ስለሆኑ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሲጎትትባቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ።

ፍሪጁ ግን ከዚህ የከፋ አደጋ ነበረው። በጋዝ ነበልባል የሚሠራ ዓይነት ሲሆን፣ ሙቀቱና ጭሱ የሚወጣው በውጭው ግድግዳ ላይ ባሉ ሁለት መስኮት መሳይ ቀዳዳዎች ነው። አንድ «አሻሻይ» አቧራ እንዳይገባ በማለት ሁለቱንም በላሜራ ደፍኗቸዋል። የሚተነፍስበት ያጣ ፍሪጅ አይቀዘቅዝም፤ ያ ቢሆን ባልከፋ፣ ነበልባሉ የሚያወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሰው ወደ ተኛበት ክፍል ሊመለስ ይችላል። ቁልቢ ላይ ጋዙ አልቆብን ሳናበራው በመቅረታችን ብቻ ነው ያለፍነው። እባካችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘነጉ ይህን አትዘንጉ፤ ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን የውጭ ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ።

ጣሪያው እውነተኛ ገመናውን የገለጠው በሚያዝያ ዝናብ ነው። የዚህ ተሳቢ ጣሪያ ኢፒዲኤም በሚባል ስስ የጎማ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን፣ ይህ ጎማ ፀሐይንና ውኃን እንጂ የነዳጅ ተዋጽኦን አይቋቋምም። ቀዳሚው ባለቤት ስንጥቁን የደፈነው በሬንጅ ነበር፤ ሬንጁ የነካው ቦታ ሁሉ አብጦ ተላቀቀ፤ ውኃውም ከሥሩ ገብቶ ጣሪያውንና ግድግዳውን የያዘውን ኮምፔንሳቶ አበሰበሰው። እኛ ይህን ያላየነው ውስጡ በአዲስ፣ በሚያብረቀርቅ ነጭ ፎርማይካ ስለተለበጠ ነው። ያረጀ ተሳቢ ውስጥ አዲስ ግድግዳ ስታዩ ለምን እንደታደሰ ጠይቁ። የጣሪያና የግድግዳ መጋጠሚያዎችን፣ የመስኮት ማዕዘኖችንና የአልጋ ማጠፊያ ዙሪያውን በአውራ ጣታችሁ ጫኑ፤ ደህና እንጨት አይሰምጥም። በበጋ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ፣ ድሬ ላይ አብዛኛው ጊዜ በጋ ነውና፣ ሻጩ ፊት በውኃ ጎማ ጣሪያውን ሩብ ሰዓት ያህል አጠጡትና ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጡ። እምቢ ካለ ጉዳዩ እዚያው አልቋል።

ሰነዱን በተመለከተ፣ ተሳቢው ሰሌዳም ሊብሬም ስለነበረው የተሟላ መሰለን። ስም ለማዛወር ስንሄድ ግን በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ከቀረጥ ነፃ በሆነ መብት በአንድ ፕሮጀክት ስም የገባ መሆኑ ታወቀ። በዚህ መብት የገባ ዕቃ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡና ታክሱ መከፈል አለበት፤ ያንን የከፈለ ደግሞ የለም። ሊብሬ ብቻ አትዩ፤ ዲክላራሲዮኑን አስቀርቡ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ፍሬሙ ላይ ከተመታው ጋር አኃዝ በአኃዝ አመሳክሩ፣ ከዚያም ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ለጉምሩክ ቅርንጫፍ አሳዩት።

ሻጩን ስንጠይቀው ያሳየን በውሉ ላይ ያለችውን «ባለበት ሁኔታ ተረክበናል» የምትል አንድ መስመር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ጉድለቱን አውቆ በተንኰል የደበቀ ሻጭም እንዲህ ባለ የውል ቃል ሊከለል አይችልም። ሕጉ ግን ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ ቶሎ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እኛ የኤሌክትሪኩን ቃጠሎ በመጀመሪያው ሳምንት ብናውቅም በስልክ ተጨቃጭቀን ተውነው፤ በጽሁፍ ያስታወቅነው ግን ከሚያዝያው ዝናብ በኋላ ነበር። የሕግ ባለሙያ አማክረን ክሱን ጀምረናል፤ ያ የስድስት ወር ዝምታ ግን ከሁሉም በላይ የጎዳን መሆኑን ከወዲሁ ነግረውናል።

ይህን አሁን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ወር ሁለት ተመሳሳይ ተሳቢዎች ለሽያጭ ቀርበው ስላየሁ ነው፤ አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሌላው በሐረር መንገድ ላይ ቆሟል። የላሜራው ብየዳ የአንድ እጅ ሥራ ይመስላል፤ ውስጣቸውም በዚያው ነጭ ፎርማይካ ተለብጧል። የእኛን ተሳቢ የግራ ግድግዳ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ብለን ገልጠን ትተነዋል። ከሁለቱ አንዱን ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሳቢያን መጥታችሁ ከፎርማይካው ኋላ ያለውን እንጨት በጣታችሁ ጫኑት፤ ከዚያ ሄዳችሁ የእነሱን ጫኑ።