ለአንገቴ መፍትሔውን ጠረጴዛዬ ላይ ላገኙልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሁለት ዓመት በላይ ሲያሠቃየኝ ከኖረው የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም እንድላቀቅ ለረዱኝ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ለሚውሉ ወዳጆቼ ለመጠቆም ነው። ባለሙያዋ ስማቸው በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እሰጣለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ክፍል ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ ማብቂያ ድረስ ከወንበር የምንነሣው ለምሳና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የክፍያ ቫውቸሮቹ በግራዬ ይከመራሉ፤ ላፕቶፑ ከፊቴ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የስልኩን እጀታ ደግሞ በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ በሁለቱም እጆቼ እጽፋለሁ። ሕመሙ በ2015 ዓ.ም. የሰኔ መዝጊያ ሲጀምረኝ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ የትከሻ መክበድ ነበር። ከዚያ እስከ ማጅራቴ ወጣ። በዓመቱ ወገቤም ተጨመረበትና ሰው ሲጠራኝ አንገቴን ማዞር ትቼ ከነወንበሬ መዞር ልማዴ ሆነ።

ከሕመሙ ይልቅ በሥራዬ ላይ ያደረሰውን ባወራ ይሻላል፤ ለረጅም ጊዜ ከራሴም ሳይቀር የደበቅሁት እርሱን ነውና። በእነዚያ ዓመታት በሕመም ምክንያት አንድም ቀን ከሥራ አልቀረሁም፤ ነገር ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የማስገባው ቁጥር ሁሉ የሚያጠራጥር ሆኖ ነበር። 5,690 ብር የሚለውን 5,960 ብዬ አስገባና ሚዛኑ በ270 ብር ይዛባል። የሙያ ባልደረቦቼ እንደምታውቁት ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ብለን እንጠረጥራለን፤ በዚያ ሰሞን የእኔ ልዩነቶች አብዛኞቹ ለ9 የሚካፈሉ ነበሩ። አንዷን ስሕተት ለማግኘት ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ የጠፋውን ግማሽ ቀን ለማካካስ አመሻለሁ፤ ባመሸሁ ቁጥር ደግሞ በማግሥቱ ሕመሙ ይብሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕክምና ማስረጃ ላቀረበ ታማሚ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይፈቅዳል፤ ሆኖም በሰኔ ወር የሕመም ፈቃድ የሚጠይቅ የሂሳብ ሠራተኛ እስካሁን አላየሁም። ሁላችንም እንገኛለን፤ የምንሠራው ግን በግማሽ አቅማችን ነው።

ወደ ባለሙያዋ ከመሄዴ በፊት ያልሞከርኩት አልነበረም። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በራሴ ፈቃድ ከፋርማሲ እየገዛሁ ስውጥ ጨጓራዬን አስነሣሁ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሽቼ ለሁለት ቀን ያህል ቀለለኝ። ፍል ውኃ ገብቼም ያገኘሁት እረፍት እውነተኛ ነበር፤ ችግሩ ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ያው ወንበር ላይ መቀመጤ ነበር። ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ቦታ ደግሞ ኤምአርአይ እንድነሣ ከተደረገ በኋላ «ዲስክህ ወጥቷል» ተብዬ የወገብ ቀበቶ ተሸጠልኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ከእንግዲህ ጀሪካን እንኳ አላነሣም ብዬ ነው።

ባለሙያዋ ዘንድ በቀረብኩበት የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ገደማ ያለፈው በጥያቄ ነበር። እግሬ ይዝል እንደሆነ፣ መቀመጫዬ አካባቢ ይደነዝዘኝ እንደሆነ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ያስቸግረኝ እንደሆነ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ እንዳለኝ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ለምን እንደጠየቁ ሳልረዳ ስቀር፣ በአገራችን የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ስላለ የወገብ ሕመም ሁሉ ከአቀማመጥ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ መሆኑን፣ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ቢኖርብኝ ኖሮ ያለ ምንም ስፖርትና ማሸት በቀጥታ ወደ ሐኪም ይልኩኝ እንደነበር አስረዱኝ። ይህን ብቻ ብለው ቢያሰናብቱኝ እንኳ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም ነበር።

የኤምአርአዩን ወረቀት ካነበቡ በኋላ የነገሩኝ ደግሞ ለወራት የተሸከምኩትን ፍርሃት አወረደልኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመና ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ እንዳሳየው፣ ምንም የጀርባ ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶው ምስሉ ላይ የዲስክ መጎዳት ይታይባቸዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሠፈረው ነገር የሕመሜ ምክንያት ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ቀበቶውን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ድጋፍ በመደበኛነት እንዳይታዘዝ መክሮ፣ የአካል እንቅስቃሴንና ለታማሚው የሚሰጥ ትምህርትን ማስቀደሙን ነገሩኝ። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች በወገብ ሕመም ይሠቃዩ እንደነበር አስታውቋል፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሳውቅ፣ ደግ ነገር ባይሆንም፣ ትንሽ ተጽናናሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ግን ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ የሆነው ነው። «የሚሠሩበትን ሳላይ ምን እንደሚያምዎት በሙሉ አላውቅም» ብለው አለቃዬን አስፈቅጄ ቢሮ እንዲመጡ ጠየቁኝ። አንድ ማክሰኞ መጥተው ከጠረጴዛዬ ጎን ለሁለት ሰዓት ያህል ማስታወሻ ይዘው ተቀመጡ። አንድም ነገር አልተናገሩም። ሲጨርሱ ያሳዩኝ ገጽ በሙሉ በአጫጭር ሰረዞች የተሞላ ነበር፤ ቫውቸር ለማየት ወደ ግራ በዞርኩ ቁጥር አንድ ሰረዝ አስምረዋል። እኔ ራሴ ብጠየቅ ሃያ ወይም ሠላሳ ጊዜ እል ነበር። የሰረዞቹ ብዛት ግን ከሁለት መቶ በላይ ነበር፤ ያውም አንገቴ ወደ ታች እንደተደፋ። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን፣ ወደ ፊት በተደፋ መጠንም የማጅራት ጡንቻዎች ያንን ሸክም ይዘው ለማቆየት የበለጠ እንደሚደክሙ የነገሩኝ ያኔ ነው።

የታዘዘልኝ ለውጥ አንድም ውድ ዕቃ አልጠየቀም። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ ጋር እኩል እስኪሆን ላፕቶፑ በሁለት ቦክስ ፋይሎች ላይ ተቀመጠ፤ ክርኖቼ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፈው እንዲያርፉ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ተገዛ። የሠፈራችን አናጺ ከቁርጥራጭ እንጨት የሠራልኝ ተዳፋት ማስቀመጫ ደግሞ ቫውቸሮቹን ከግራዬ አንሥቶ በኪቦርዱና በስክሪኑ መካከል አመጣቸው። እንደ እኔ ግምት ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው። ስልክ ቆሜ እንዳነጋግር፣ ፎቶ ኮፒ ተላላኪ ሳልልክ ራሴ እንዳነሣ፣ በየ30 ደቂቃውም ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወንበር እንድነሣ ታዘዝኩ። ከዚህ ጋር አገጭን ወደ ኋላ የመሳብ፣ የትከሻ አጥንቶችን የማቀራረብና ወገብን የማጠንከር እንቅስቃሴዎች ተጨመሩልኝ። መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ ሰነበቱ፤ አሁን ሦስቱ አብረውኝ ይሠራሉ።

ሕመሙ በተአምር አልጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት ብሶብኝ ተስፋ ቆርጬ ስደውል «ያሳመመዎትን ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ» ብለው የእንቅስቃሴውን ቁጥር በግማሽ አስቀነሱኝ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንገቴ ያለ ወንበሬ መዞር ጀመረ። ባለፈው ሰኔ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያውን ሳላመሽ ጨርሼ ያስረከብኩ ሲሆን፣ ለ9 የሚካፈል ልዩነት የገጠመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔ ስሕተት አልነበረም። አሁንም ረጅም ቀን ከዋልኩ ትከሻዬ ይከብደኛል፤ ያኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አውቃለሁ።

ባለሙያዋን ያለ ስጋት እንድጠቁም የሚያደርገኝ ሌላው ነገር ሐቀኝነታቸው ነው። አሥር ቀጠሮ በቅድሚያ አላስከፈሉኝም፤ በስድስተኛው ላይ «ከእንግዲህ እኔን አያስፈልግዎትም» ብለው ራሳቸው አቆሙኝ። ደንበኛን በዚህ መልኩ የሚያሰናብት ባለሙያ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ቢሮ ድረስ የሚመጡትም መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ካልተፈቀደላችሁ በተለመደ አቀማመጣችሁ ሥራ ላይ ሳላችሁ ባልደረባችሁ ከጎን ፎቶ ያንሣችሁና ይዛችሁ ሂዱ። ፎቶ መነሣታችሁን አውቃችሁ ቀጥ ብላችሁ እንዳትቀመጡ ብቻ፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ወዲያው አወቁብኝ።