ዘጠኝ ወር ከኮዋ ዩኩሌሌ ጋር፦ ከጌጡ በፊት ቀዳዳውን ተመልከቱ

ሶፕራኖ ዩኩሌሌዬን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት፣ በምኖርባት በዴንቨር ከተማ ነው። ዩኩሌሌ ጊታር የምትመስል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ሶፕራኖ የሚባለውም አነስተኛው መጠኗ ነው። ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ነበር። ሜፕል ከሚባል እንጨት በተሠራው ነጣ ያለ ገላው ላይ ጥቋቁር መስመሮች በብዕር የተሳሉ ይመስል ይጠማዘዙ ነበር። እንዲህ ያሉትን መስመሮች የሚያበጀው እንጨቱን መብላት የጀመረ ፈንገስ ነው። ዋጋው ከ200 ዶላር ብዙም አይበልጥም፤ ልከፍል ተቃርቤ ነበር።

የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ ሳየው ግን ሦስት ስስ ንጣፎች ተደራርበው ተጣብቀዋል። ኮምፔርሳቶ ነው። ያ ሁሉ ውበት ከላይ የተለጠፈ ስስ ልባስ ነበር። ዋጋው በተጻፈበት ወረቀት ላይ የሜፕል ስም ብቻ ሰፍሯል፤ ሻጩም ምንም አላለኝም። ይህ አሁንም ቅር ይለኛል። ኮምፔርሳቶ መጥፎ ነው አልልም፤ ደረቅ አየርንና የልጆችን እጅ ከሙሉ እንጨት በተሻለ ይችላል። ነገር ግን ለልባሱ ጌጥ የሚጨመረው ገንዘብ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለም።

በመጨረሻ ኮዋ ከሚባል ሙሉ እንጨት የተሠራውን መረጥሁ። ኮዋ በተፈጥሮው የሚበቅለው በሃዋይ ደሴቶች ብቻ ነው። ዩኩሌሌም የዚያው ልጅ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ከማዴይራ ደሴት ወደ ሆኖሉሉ የተሰደዱ ፖርቱጋላውያን አናጺዎች ማሼት የምትባል ትንሽ የክር መሣሪያቸውን መነሻ አድርገው ሠሩት። በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አበራሁ፤ በጀርባው ላይ የሚታየው መስመር ውስጥም በዚያው ቦታ ነበረ። ሙሉ እንጨት ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

ከአጠገቡ እንደ ሐር ጨርቅ የሚያብለጨልጭ፣ በ400 ዶላር የሚበልጥ ሌላ ኮዋ ነበር። ጓደኛዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ሁለቱን እያፈራረቀ መታልኝ፤ መለየት አልቻልሁም። ያ ብልጭታ የሚመጣው የእንጨቱ ቃጫ እየተወዛወዘ ስላደገና ብርሃንን ወዲያና ወዲህ ስለሚመልስ ነው። ድምፅ አይጨምርም። ስለዚህ መስመሩ ረጋ ያለውን፣ 700 ዶላር የሚያህለውን ይዤ ወጣሁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አራቱ ክሮች የሚቃኙት ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከአምስቱ ድምፆች አራቱ ምንም ሳይነኩ ክፍት ክሮቹ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው! የጎደለው ሬ ብቻ ነው፤ እርሱም በዶው ክር ሁለተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በተቀበሩት የብረት ዘንጎች በሁለተኛው) ላይ ይገኛል። ለፊታችሁ የሚቀርበው የሶል ክር እንደ ጊታር ወፍራም ሳይሆን ቀጭን በመሆኑ ዜማው በክሮቹ መካከል እየተላለፈ ይወርዳል። ክራር እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ደስታ ነው። የኮዋው ድምፅ ሞቅ ያለ፣ ቶሎ የሚነሣና ቶሎ የሚያርፍ ነው፤ ረጅም ማንጎራጎር ለሚሻ ግን ሶፕራኖ አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አዲሶቹ ክሮች እየተለጠጡ በየአሥር ደቂቃው መቃኘት ነበረብኝ። ከዚያ ተረጋጉ።

ከባዱ ጥር ነበር። የዴንቨር አየር በራሱ ደረቅ ነው፤ ማሞቂያው ሲጨመርበት የቤቴ እርጥበት ከ25 በመቶ በታች ወረደ። ለሙሉ እንጨት የሚመከረው ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። የአንገቱ እንጨት ተኮማትሮ የፍሬቶቹ ጫፎች ብቅ አሉና እጄን ይቧጥጡኝ ጀመር። ጠጋኝ ሞርዶ አስተካከለልኝ፤ 45 ዶላር ከፈልሁ። ገላው አለመሰንጠቁ ዕድል ነው። ከዚያ ወዲህ ስጫወት ካልሆነ ከሳጥኑ አላወጣውም፤ ውስጡም የእርጥበት መስጫና መለኪያ አስቀምጫለሁ።

በክረምት ማሞቂያ በሚነድድበት ቤት የምትኖሩና ይህን እንክብካቤ የማትችሉ ከሆነ፣ ጌጥ የሌለውን ኮምፔርሳቶ ገዝታችሁ የተረፈውን ለጥሩ ክር አውሉት። የምትችሉ ከሆነ ሙሉ ኮዋ ውሰዱ፤ ለብልጭታው ግን አትጨምሩ። የእኔ መለኪያ ዛሬ ጠዋት 47 ያሳያል።