የኋላ ጎማዬን በክብሪት እንጨት ለክተው ላስተማሩኝ ጎሚስታ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ልጄን ከስድስት ኪሎ ይዤ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ እየሄድኩ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረና ዶፉን ለቀቀው። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚያወርደውን ቁልቁለት የነዳበት ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ እየወረደ ይታጠፋል። ልክ እጥፋቱ ላይ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ሰው ለማውረድ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ።

የመኪናዋ ፊት አልከዳኝም። ኋላዋ ግን ወደ ቀኝ ሄደ። ዝም ብሎ ሄደ። ድምፅ እንኳን የለውም። መሪውን ይዣለሁ፣ ፍሬኑን ረግጫለሁ፣ መኪናዋ ግን ከእጄ ወጥታለች። ልጄ "እማዬ!" ስትል ይሰማኛል። የኋላው ቀኝ ጎማ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መትቶ ቆምን። አፍንጫችን ወደ ተቃራኒው መስመር ዞሯል። በዚያች ቅጽበት ከታች የሚወጣ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን ጽሁፍ የምጽፈው እኔ አልሆንም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተነካም።

የሰፈሩ ልጆች በዝናብ እየበሰበሱ ሮጠው መጥተው መኪናዋን ገፍተው ዳር አስያዙልን። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም። ይህን የምታነቡ ካላችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ሽማግሌ የላዳ ሹፌርም ወርደው መጡ። መጀመሪያ ልጄን "ደህና ነሽ?" አሏት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳሰሱት። የፊቱንም ዳሰሱ። "ልጄ፣ ከፊት አዲስ አድርገሽ ከኋላ ያለቀ ጎማ ይዘሽ ነው እንዴ የምትዞሪው?" አሉኝ። የሚሄዱበትን ጎሚስታ የጠቆሙኝም እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። ከአራት ወር በፊት አንድ ጎማ ቤት ገብቼ ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ነበር። አራቱንም ለመቀየር አቅሜ አልፈቀደም። ሻጩ ሁለቱንም ከፊት ገጠማቸው። "ሞተሩም መሪውም ፊት ነው፣ ፊት ነው መጠናከር ያለበት" አለኝ። እኔም አመንኩት። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ ይህን የሚያምነው እሱ ብቻ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። ግን የኋላዎቹን አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢያይልኝ ምን ነበረበት? ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ቀስ እያልኩ ወደተጠቆምኩት ጎሚስታ ሄድኩ። በቦርሳዬ የአራት ጎማ ብር ይዣለሁ። ከቤተሰብ ተበድሬ ነው። ያን ቀን አራቱንም ቀይሩልኝ ብዬ ከመለመን በቀር ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

ጎሚስታው ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ነግረውኛል) ገንዘቡን ከማየታቸው በፊት ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ። አንድ እንጨት መዘዙና በፊት ጎማው ጥርሶች መሃል ባለው ቦይ ውስጥ አስገቡ። እስከየት እንደገባ በጥፍራቸው ምልክት አድርገው አሳዩኝ። 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ያንኑ እንጨት ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። እንጨቱ ገባ ከማለቱ ቆመ። "አየሽ?" አሉኝ። አየሁ። ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ነገር ነው። እኔ ግን መኪና ከያዝኩ ጀምሮ ጎንበስ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በቦዩ ውስጥ በየተወሰነ ርቀት ከፍ ያለች ትንሽ የጎማ ድልድይ አለች። ጥርሱ እያለቀ ሄዶ ከእሷ ጋር እኩል ሲሆን የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ከዚያ በታች መንዳት አይቻልም። ጋሼ ግን ለክረምት 1.6 ድረስ አትጠብቂ፣ 3 ሲደርስ አስቢበት ነው የሚሉት። የእኔዎቹ ከድልድይዋ ጋር እኩል ሆነዋል። አንደኛው እንዲያውም በውስጥ በኩል አልፏት ሄዷል።

ለምን ጥርስ እንደሚያስፈልግ ያስረዱኝን መቼም አልረሳውም። ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በአንድ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። መኪናዋን በሙሉ የያዙት እነዚያ አራት መዳፎች ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ በጎማውና በአስፋልቱ መሃል ውሃ ይገባል። ቦዮቹ ያን ውሃ ጠርገው ወደ ጎን ያወጡታል። ቦይ ከሌለ ውሃው መውጫ ያጣል። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ጎማው ውሃው ላይ ይወጣና ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ጎማ ፍሬንም መሪም አይሰማም።

"ታዲያ ለምን ኋላው ብቻ ሄደ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አህያ ጭነት ጭና ቁልቁለት ስትወርድ አይተሻል?" አሉኝ። "ጭነቱ ወደ አንገቷ ይመጣል። ኋላዋ ይቀላል። ለዚህ ነው በጅራቷ ስር ገመድ የሚታሰረው። መኪናም እንደዚሁ ናት። ፍሬን ስትይዢ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ይብሳል። የኋላ ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ደግሞ ክብደት ሲጫነው ነው።"

የእኔ መኪና፣ ቶዮታ ቪትዝ፣ ሞተሯም የምትጎተተውም በፊት ነው። ስለዚህ ኋላዋ ቆማ እንኳን ቀላል ናት። ፍሬን ስይዝ ጭራሽ ቀለለች። ከስር ጥርስ የሌለው ጎማ፣ ጎማው ስር ውሃ፣ ከዚያ ደግሞ እጥፋት። ከፊት ያሉት አዲሶቹ ውሃውን ጠርገው አስፋልቱን ጨብጠው ያዙ። የኋላዎቹ አልያዙም። ፊቱ ቆሞ ኋላው ሲሄድ መኪና ከመዞር ውጪ ምን ታደርጋለች? አዲሱን ጎማ ፊት ማድረጌ አልጠበቀኝም። ፊትና ኋላ እንዲለያዩ ነው ያደረገው።

ጋሼ ደጋግመው የነገሩኝ ይህንን ነው። ፊት ሲንሸራተት ሹፌር ይሰማዋል። መሪው እጅ ላይ ይቀላል፣ መኪናው ከመታጠፍ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከነዳጁ እግርን ሲያነሱና ሲዘገይ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኋላ ሲንሸራተት ግን አስቀድሞ የሚነግር የለም። የኋላ ጎማን የሚያዝ መሪም የለም። ልምድ ያለው ሹፌር እንኳን ለማዳን የሚያገኘው ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው አዲሶቹን ወደ ኋላ ያድርግ። መኪናው በፊት ጎማ የሚጎተትም ቢሆን፣ በኋላ ጎማ የሚገፋም ቢሆን። ትልልቆቹ ጎማ አምራቾችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

በእርግጥ የፊት ጎማ ቶሎ ያልቃል። የሚጎትተውም፣ የሚታጠፈውም፣ አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። ሰው ቶሎ የሚያልቀውን በአዲስ መተካቱ አይገርምም። መፍትሔው ግን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ቦታ እያቀያየሩ አራቱ እኩል እንዲያረጁ ማድረግ ነው። ማቀያየሩን ጋሼ በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል።

በዚያ ቀን ሌላም ጉድ አገኙልኝ። የግራው የኋላ ጎማ ንፋሱ በግፊት መለኪያው (PSI) 20 ነበር። በሹፌሩ በር ዓምድ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 32 ይላል። ንፋስ ያነሰው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ስለሚል ውሃውን መቁረጥ ያቅተዋል። ከዚያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገው አስነበቡኝ። 1412። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። በፈረንጅ 2012፣ 14ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። መኪናዋን ስገዛ ይዛው የመጣችው ነው። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል። የደረቀ ላስቲክ ጥርስ ቢኖረው እንኳን እርጥብ አስፋልት አይነክስም። በጥፍሬ እንድጫነው አደረጉኝ። እንደ ፕላስቲክ ነው። አዲሱን ተጫንኩት፤ እሺ አለኝ።

አሁን ገንዘቡን አወጣሁ። "አራቱንም ይቀይሩልኝ" አልኳቸው። እምቢ አሉኝ። የፊቶቹ ገና አራት ወራቸው ነው፣ ብርሽን ለምን ትጥያለሽ አሉኝ። ሁለት ብቻ ግዢ፣ ኋላ እናድርጋቸው፣ የፊቶቹ እዚያው ይቆዩ። ለመንኳቸው። ፈርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። "ፍርሃትሽን አልሸጥልሽም" አሉኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለባለቤቴ ስነግረው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ሁለቱን ገጠሙ። ባላንስ አደረጉ። የአራቱንም ንፋስ በጽሑፉ ልክ አስተካከሉ። ስኮርታውንም (መለዋወጫ ጎማውን) አውጥተው ነፉት፤ እሱም ባዶ ነበር። ጠርዙን የመታውን ቸርኬ (የጎማውን ብረት) አዙረው አዩት፤ አልተጣመመም። አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከሉን) ግን እሳቸው ጋ ማሽን ስለሌለ ሌላ ቦታ አሳዪ ብለው ላኩኝ። ለእጃቸው የጠየቁኝ 400 ብር ነው።

አሮጌዎቹን ጎማዎች "ልቁረጣቸው?" ብለው አስፈቀዱኝ። ገዢ እንዳላቸው አውቃለሁ። ያገለገለ ጎማ ብሎ ለሌላ ሹፌር የሚሸጥ ሞልቷል። ጋሼ ግን ቢላዋቸውን አንስተው ጎናቸውን ቀደዱት። "አሁን ለበረባሶ ይሁን። እግር ያስሂዱ እንጂ መኪና አይሂድባቸው" አሉ።

ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ባለ ላዳ ጨዋታችን ውስጥ ገቡ። የእሳቸው መኪና የሚገፋው ከኋላ ነው። እንደነዚህ ያሉት ላይ ፍሬን ብቻ ሳይሆን ነዳጅም ኋላን ይወስዳል። እርጥብ እጥፋት ላይ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጉ የኋላ ጎማ ባዶውን ይዞርና የመኪናው ፊት ወዳልታሰበበት ይዞራል። ክረምት ሲገባ የሚጥለውን የመጀመሪያ ዝናብ ከሁሉ አብልጠው እንደሚፈሩም ነገሩን። በበጋ ከመኪናው ሁሉ የተንጠባጠበው ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሯል። ትንሽ ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ይሆናል። የእግረኛ ማቋረጫው (ዜብራው) ነጭ ቀለምም ሲረጥብ ያንሸራትታል። እሱ ላይ ፍሬን አትያዢ አሉኝ።

ኋላው ከሄደስ ምን ላድርግ ብዬ ሁለቱንም ጠየቅኳቸው። ተስማሙ። እግርን ከፍሬኑ አንሺ። የእጅ ፍሬን በጭራሽ አትንኪ፤ እሱ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ ነገሩን ያብሰዋል። ኋላው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን በእርጋታ ወደ ቀኝ አዙሪ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። ዓይንሽ የምትፈሪውን ግንብ ሳይሆን መሄድ የምትፈልጊበትን መንገድ ይይ። እኔ በዚያ ቀን ፍሬኑን አጥብቄ ይዤ ግንቡን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ በዚያው ቁልቁለት ተመላልሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምወርደው፣ ከፊቴ ካለው መኪናም ርቄ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን በዶፍ ዝናብ ልክ እዚያው እጥፋት ላይ ፍሬን መያዝ ነበረብኝ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። ምንም አላለችም።

ጋሼን የምትፈልጉ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፈልጉ። ደጁ ላይ ነጭ የተቀባ ጎማ ተሰቅሏል። እሁድ አይከፍቱም። ዝናባማ ቀን ወረፋ ስላለ ማለዳ ብትደርሱ ይሻላል። ጎማ ባትገዙም ግድ የላቸውም፤ "ጋሼ፣ የኋላዬን በክብሪት ይለኩልኝ" በሏቸው።

ጋሼ፣ ልጄ ይህን ጽሁፍ ታነብልዎታለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።