ለአንዲት የባሕር ዳር ፋርማሲስት ምስጋና፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ላላችሁ ጥቆማ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ምስጋናው ስሟ እንዳይጻፍ ለጠየቀች አንዲት ፋርማሲስት ነው።

ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አዛውንት መድኃኒት ቤቷ የገቡት ፌስታል ሙሉ ክኒን ይዘው ነበር። ቀድሞ የታዩበት ቦታ 25/250 የተባለውን የፓርኪንሰን ክኒን፣ ማለትም 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓና 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ያለበትን፣ ጠዋት ግማሽ ማታ ግማሽ አላቸው። ማቅለሽለሽ ሲጀምራቸው «ይቻሉት» ተባሉ። ሲብስባቸው ሌላ ቦታ ፕላሲል የሚባል የማስታወክ ማቆሚያ ተሰጣቸው። ከዚያ ሰውነታቸው ገተረ፣ ጉርሻ መዋጥ አቃታቸው፤ ያየ ሁሉ «ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኛቸው። ዕድሜ አልነበረም! አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ ፌስታሉን ቢያይ ኖሮ ያ ሁሉ ስቃይ ይቀር ነበር።

እሷ አየችው። «አባባ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሰጥታ፣ ሁሉንም ዘርግፋ አንድ በአንድ አነበበች። መጀመሪያ የለየችው ፕላሲሉን ነው። በፓርኪንሰን ዶፓሚን የተባለውን፣ ሰውነት እንደልብ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳ ኬሚካል የሚያመርቱት የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ፤ ፕላሲል ደግሞ አንጎል ገብቶ የተረፈው ዶፓሚን የሚሠራበትን መቀበያ ይዘጋል። ስለዚህ ለእነዚህ ሕመምተኞች አይሰጥም።

ቀጥሎ የማቅለሽለሹን ምንጭ አገኘች። ዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፣ ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፤ እዚያ ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ችግሩ አንጀት ውስጥና ሌላውም የሰውነት ክፍል ዲካርቦክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሌቮዶፓውን አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ ዶፓሚን ያደርገዋል። መንገድ ላይ የቀረው ዶፓሚን ነው የሚያስታውከው። ካርቢዶፓ የተጨመረው ይህን ኢንዛይም ለማሰር ነው፤ ራሱ አንጎል ስለማይገባ እዚያ ያለውን ኢንዛይም አይነካም። ኢንዛይሙ በደንብ እንዲታሰር በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልጋል። አዛውንቱ የሚያገኙት 25 ብቻ ነበር።

በራሷ አልቀየረችም፣ ይህንንም አመስግኑላት። ለሐኪም ደውላ አስረዳች፤ ሐኪሙ ፕላሲሉን አቁሞ 25/100 በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘ። ካርቢዶፓው 75፣ ሌቮዶፓው 300 ሆነ ማለት ነው። ግትርነቱ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ቀስ እያለ ግን ለቀቃቸው፣ ማስታወኩም ቆመ።

ደግነቷ እዚህ ላይ ነው፦ በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በእኛ ሰዓት፣ «ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12» ብላ ጻፈችላቸው። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ። ሽሮ፣ ዓሣና ወተት ፕሮቲን አላቸው፤ ፕሮቲኑ ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ወደ አንጎል የሚያስገባውን በር ከሌቮዶፓ ጋር ይጋፉበታል። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ትንሽ ቂጣ ይቅመስ። የደም ማነስ ክኒን አይረኑ መድኃኒቱን ስለሚይዘው ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቅ። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታቸው ጋር በስልክ ተነጋገረች፤ የጠዋቷ ክኒን እስከ 9 ሰዓት እንዳትቆይ ተስማሙ። ይህን ማን ያደርጋል?

ባቄላ እሸት ውስጥ ሌቮዶፓ አለ መባሉ እውነት ነው። መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ መድኃኒቱን አይተካም፣ ከመድኃኒቱ ጋር በብዛት ቢበላም መጠኑ ሊያልፍ ይችላል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የጎደለበት ሰው ደግሞ ባቄላ ቀይ የደም ሴሉን ሊያፈርስበት ይችላል።

ወገኖች፣ ወደ እሷ ሂዱ፣ ደግማችሁ ሂዱ! ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ፣ አይረንና የጨጓራውንም ጭምር፣ ከነካርቶኑ ያዙ። የ10 ቀን ክኒን ሲቀራችሁ ንገሯት፣ ቀድማ ታፈላልጋለች። ጸበልም ሄዳችሁ ቢሆን ክኒኑን በድንገት አታቋርጡ፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ግትርነትና መቃዠት ያመጣል፣ ሕይወትም ያሰጋል። መድኃኒት ቤቱ የት እንደሆነ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንጠቁማለን።